ከለንደን ሲድኒ፦ በዱባይ፣ በሲንጋፖር ወይስ በፐርዝ?

«ከለንደን ሲድኒ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እህቴ ሲድኒ ስለምትኖር ይህን መንገድ በተለያየ መስመር ሄጄበታለሁ። አንዴ ብቻዬን፣ አንዴ ደግሞ እናቴን ይዤ። መልሱን ባጭሩ ልንገራችሁ፦ አንድ ቦታ ብቻ በሚቆም በረራ፣ ትራንዚቱ ተጨምሮ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ22 እስከ 26 ሰዓት ነው። ግን በዚህ ቁጥር ብቻ ትኬት አትግዙ። የሁሉም መንገድ ጠቅላላ ሰዓት ተቀራራቢ ነው። ጉዞውን ቀላል ወይም ከባድ የሚያደርገው፣ ሳትነሱ የምትቀመጡበት ረጅሙ በረራ ስንት ሰዓት እንደሆነና መጀመሪያ ላይ ወይስ መጨረሻ ላይ እንደሚመጣ ነው።

ይህን የተማርኩት ከእናቴ እግር ነው። ያኔ የሄድነው በገልፍ (የዱባይና የዶሃ አካባቢ) በኩል ነበር። መጀመሪያ 7 ሰዓት፣ ቀጥሎ 14 ሰዓት። የመጀመሪያው በረራ እንደ ጨዋታ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ግን ገና ከመነሳታችን ደክሟት ነበር። ሲድኒ ልናርፍ ስንል ጎንበስ ብላ ጫማዋን ለማጥለቅ ታገለች። «ልጄ፣ ጫማው እምቢ አለኝ» አለችኝ። ቁርጭምጭሚቷ አብጦ የካልሲው ላስቲክ ቆዳዋ ላይ ቀይ መስመር ሠርቷል። ማሰሪያውን እስከ ታች ፈትቼ፣ ምላሱን ወደ ውጭ ገልብጬ እንደምንም አስገባሁላት። የፓስፖርት ሰልፉ ላይ ክንዴን ይዛ ቆመች። ከዚያ ቀን ወዲህ ለሰው ትኬት ስፈልግ መጀመሪያ የማየው ዋጋውን አይደለም።

ርቀቱና ሰዓቱ

አጭሩ የአየር መስመር 17,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የምድር ዙሪያ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ ሁለት ቦታዎች ቢራራቁ ቢራራቁ ከ20,000 አይበልጡም። ለንደንና ሲድኒ ወደዚያ ጫፍ የተጠጉ ናቸው።

ጠፍጣፋ ካርታ ላይ መስመሩን በጣት ስትከተሉት መካከለኛው ምሥራቅንና ሕንድ ውቅያኖስን የሚያቋርጥ ይመስላል። ክብ ሉል አግኝታችሁ ክር ብትወጥሩበት ግን ሌላ ነገር ታያላችሁ። ክሩ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይወጣል፤ ሩሲያንና ቻይናን አቋርጦ ሆንግ ኮንግ አጠገብ ያልፍና ወደ አውስትራሊያ ይወርዳል። ትክክለኛው አጭር መንገድ ያ ነው።

ሰዓቱን በግምት ማስላት ከፈለጋችሁ ርቀቱን ለ900 አካፍሉና ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። ትልልቅ አውሮፕላኖች አየር ላይ የሚሄዱት በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ግማሽ ሰዓቱ ለመነሳትና ለማረፍ ነው። 17,000 ለ900 ሲካፈል 19 ይጠጋል፤ ግማሽ ሰዓት ሲጨመር 19 ሰዓት ተኩል ይሆናል።

ይህ ተሞክሮ ታይቷል። ካንታስ የተባለው የአውስትራሊያ አየር መንገድ በኅዳር 2019 (እ.ኤ.አ.) በቦይንግ 787-9 ከለንደን ሲድኒ ያለ ምንም ማረፊያ በርሮ በ19 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ደርሷል። ከዚያ በፊት በ1989 በ747-400 ሞክሮት 20 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ወስዶበት ነበር። ሁለቱም ጥቂት ሰው ብቻ ያሳፈሩ ልዩ በረራዎች ናቸው። ሙሉ መንገደኛ ከነሻንጣው ጭኖ ያን ያህል ነዳጅ መያዝ አልተቻለም። ነዳጅ ራሱ ከባድ ነው፤ እሱን ለመሸከም ደግሞ ሌላ ነዳጅ ይቃጠላል። አሁን ካንታስ ለዚህ መንገድ ተብሎ 20,000 ሊትር የሚይዝ ተጨማሪ ታንክ የተገጠመላቸው 12 ኤርባስ ኤ350-1000 አውሮፕላኖች አዟል። እስከ 22 ሰዓት መብረር እንዲችሉ ነው የታሰቡት። ይህን ስጽፍ የመንገደኛ አገልግሎቱ አልተጀመረም። ስለዚህ ምርጫችን የት እንቁም የሚለው ነው።

በዱባይ ወይም በዶሃ

ከለንደን ዱባይ 5,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ 7 ሰዓት ገደማ። ከዱባይ ሲድኒ ደግሞ 12,000 ኪሎ ሜትር፤ 14 ሰዓት ገደማ። ሁለቱን ስትደምሩ ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ3 በመቶ ብቻ ነው። ዶሃም ከዚህ ብዙ አይለይም።

የዚህ መንገድ ትልቁ ጥቅሙ ብዛቱ ነው። ከለንደን በቀን ብዙ በረራ አለ። ከማንቸስተር ወይም ከበርሚንግሃም የምትነሱ ከሆነም ለንደን ድረስ ሳትጓዙ በቀጥታ ወደ ዱባይ መሄድ ትችላላችሁ። አንዱ ቢያመልጣችሁ ሌላ ይገኛል።

ጉዳቱ ደግሞ ያልኳችሁ ነው፤ ወደ ሲድኒ ስትሄዱ ረጅሙ በረራ ኋላ ይመጣል። ትራንዚቱም ብዙ ጊዜ ሰውነታችሁ መተኛት በሚፈልግበት ሰዓት ላይ ይወድቃል። ደብዘዝ ባለ መብራት ገና እንቅልፍ ወሰድ ሲያደርጋችሁ «ቀበቶ እሰሩ፣ ልናርፍ ነው» ትባላላችሁ። ከዚያ ፍተሻ፣ ጌት ፍለጋ፣ እንደገና ሰልፍ። ከዚያ በኋላ ነው 14ቱ ሰዓት የሚጀምረው።

ሌላም አንድ ነገር አለ። በአካባቢው ውጥረት ሲነሳ የአየር ክልል ይዘጋል። በሰኔ 23 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ዶሃ የምትገኝባት ኳታር የአየር ክልሏን ለሰዓታት ስትዘጋ ብዙ በረራዎች ወደ ሌላ አገር ተመልሰዋል። ስለዚህ በዚህ በኩል ስትገዙ ቀን መቀየር የሚፈቅድ ትኬት ቢሆን ይሻላል።

በሲንጋፖር

ከለንደን ሲንጋፖር 10,900 ኪሎ ሜትር፣ 13 ሰዓት ገደማ ነው። ከሲንጋፖር ሲድኒ 6,300 ኪሎ ሜትር፣ 8 ሰዓት ገደማ። ድምሩ ከአጭሩ መስመር የሚበልጠው በ1 በመቶ አካባቢ ነው። ሲንጋፖር መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት ማለት ይቻላል።

ወደ ሲድኒ ለሚሄድ ሰው የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ረጅሙን በረራ የምትጨርሱት ገና ትኩስ እያላችሁ ነው። ማታ ከለንደን ከተነሳችሁ እራት በልታችሁ ሰባት ስምንት ሰዓት ሳትቋረጡ መተኛት ትችላላችሁ። ሲንጋፖር ወርዳችሁ ፊታችሁን ታጥባችሁ፣ እግራችሁን አፍታታችሁ፣ የቀራችሁ 8 ሰዓት ነው። «አብዛኛው አለፈ» የሚለው ስሜት ራሱ ያበረታል።

የሲንጋፖር ኤርፖርት ቻንጊ ይባላል። ትራንዚት ላይ ላለ ሰው ምቹ ነው። ከኤርፖርቱ ሳትወጡ ለጥቂት ሰዓታት የምትከራዩት የሆቴል ክፍል አለ። ዱባይና ዶሃም ውስጥ እንዲህ ያለ ሆቴል አለ፤ ግን ቀድማችሁ ካልያዛችሁ ክፍል ማግኘት ያስቸግራል።

በዚህ መንገድ ካንታስ፣ ብሪቲሽ ኤርዌይስና ሲንጋፖር ኤርላይንስ ይሠራሉ። ካንታስ ከ2013 እስከ 2018 (እ.ኤ.አ.) ድረስ ማረፊያውን ወደ ዱባይ አዙሮ ነበር፤ በኋላ ወደ ሲንጋፖር ተመለሰ።

በፐርዝ

ፐርዝ ምዕራብ አውስትራሊያ ውስጥ ናት። ካንታስ ከመጋቢት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከፐርዝ ለንደን ያለ ማረፊያ ይበራል። ርቀቱ 14,500 ኪሎ ሜትር ነው። ከለንደን ፐርዝ 17 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል። ከዚያ ወደ ሲድኒ 3,300 ኪሎ ሜትር የአገር ውስጥ በረራ አለ፤ ከ4 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል።

በዚህ መንገድ ሌላ አገር ውስጥ ትራንዚት የለም። የእንግሊዝኛ ምልክት ማንበብ ለሚቸግራቸው አዛውንት፣ ወይም ሁለት ሕፃናት ይዛ ለምትሄድ እናት ይህ ትልቅ ነገር ነው። አንዴ ገብታችሁ ከተቀመጣችሁ በቃ፣ አውስትራሊያ ትደርሳላችሁ።

ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ ከፐርዝ የምትቀጥሉት በአገር ውስጥ በረራ ከሆነ ፓስፖርትና ጉምሩክ የሚያልቀው እዚያው ፐርዝ ላይ ነው። ሻንጣችሁን ተቀብላችሁ፣ አስፈትሻችሁ፣ ለሲድኒው በረራ እንደገና ታስረክባላችሁ። ሦስት ሰዓት ካላገኛችሁ ትጣደፋላችሁ። ሁለተኛ፣ 17 ሰዓት 17 ሰዓት ነው። አሥራ ሁለተኛው ሰዓት ላይ መስኮት ብትከፍቱ አሁንም ውቅያኖስ ነው። ጀርባውን ለሚያመው ወይም ዝግ ቦታ ለሚያስጨንቀው ሰው አልመክርም።

ለዚህ በረራ የሚውለው 787-9 ነው። በ787ና በኤ350 ውስጥ ያለው የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለ ቦታ ነው። በቀድሞዎቹ አውሮፕላኖች እስከ 2,400 ሜትር ይደርስ ነበር። እርጥበቱም ይሻላል። ብዙ ሰው ሲወርድ ራሱን ያን ያህል እንደማያመው ይናገራል፤ እኔም ልዩነቱን አይቼዋለሁ። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ ትኬቱ ላይ የአውሮፕላኑን ዓይነት ተመልከቱ።

ሌሎቹ መንገዶች

ሆንግ ኮንግ ቅድም ያልናት ክር ላይ ናት። ሆኖም ከ2022 (እ.ኤ.አ.) የካቲት መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝና የአውሮፓ አየር መንገዶች በሩሲያ ሰማይ ማለፍ ስለማይችሉ ዞረው ይበራሉ። ከለንደን ቶኪዮ ድሮ ከ12 ሰዓት በታች የነበረው 14 ሰዓት አካባቢ የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው። የቻይና አየር መንገዶች ግን አሁንም በሩሲያ በላይ ያልፋሉ። በሻንጋይ ወይም በጓንግዡ የሚሄደው በረራ አጭር የሚሆነው፣ ብዙ ጊዜም ረከስ የሚለው ለዚህ ነው። ጊዜው ካላችሁ ጥሩ ነው። ትራንዚቱ ግን አንዳንዴ አሥር ሰዓት ያልፋል፤ እሱን ሳታዩ በዋጋው አትሳቡ።

በሎስ አንጀለስ መሄድም ይቻላል። ርቀቱ ወደ 20,800 ኪሎ ሜትር ያድጋል፤ አየር ላይ ብቻ 26 ሰዓት ያህል ነው። አሜሪካ ለሚያልፍ ሰውም የመግቢያ ፈቃድ ትጠይቃለች፤ በኤርፖርቱ ብቻ አልፋችሁ ብትሄዱም ቪዛ ወይም ኢስታ (ቪዛ ለማይጠየቁ አገሮች ዜጎች በኢንተርኔት የሚሰጥ ፈቃድ) ያስፈልጋችኋል። እዚያ ጉዳይ ከሌላችሁ አያስፈልግም።

ሲመለሱ ሌላ ነው

ከፍ ባለው ሰማይ ነፋሱ በአብዛኛው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ ሲድኒ ስትሄዱ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ስትመለሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ከሲንጋፖር ለንደን 14 ሰዓት፣ ከፐርዝ ለንደን ደግሞ 17 ሰዓት ተኩል አካባቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉም ይገለበጣል። በሲንጋፖር ስትመለሱ 8ቱ ሰዓት ይቀድምና 14ቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። በዱባይ ስትመለሱ ግን ረጅሙ ይቀድማል፤ ለመጨረሻ የሚቀራችሁ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ ሲሄዱ በሲንጋፖር፣ ሲመለሱ በዱባይ የሚለው ለእኔ ከሁሉም የተሻለው ነው። ካንታስና የዱባዩ አየር መንገድ ኤሚሬትስ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በሽርክና ስለሚሠሩ ይህን በአንድ ትኬት ማጣመር ይቻላል። ድረ ገጹ ላይ ካላገኛችሁት ደውላችሁ ጠይቁ። እናቴን ያመጣኋት በዚህ መንገድ ነው ማለት በወደድኩ፤ ያኔ ግን አላውቅም ነበር።

ትኬቱ ላይ ያለውን ሰዓት ማንበብ

ትኬት ላይ የሚጻፈው ሁልጊዜ የየከተማው ሰዓት ነው። ሰኞ ማታ 3 ሰዓት (21:00) ከለንደን ተነስታችሁ ረቡዕ ንጋት 12 ሰዓት (06:00) ሲድኒ ትደርሳላችሁ እንበል። በሰዓት ስትቆጥሩት 33 ሰዓት ነው። ሲድኒ ግን ለንደንን ትቀድማለች። በሐምሌ ልዩነቱ 9 ሰዓት ስለሆነ እውነተኛው ጉዞ 24 ሰዓት ነው። ያው ትኬት በጥር ቢሆን ልዩነቱ 11 ስለሚሆን ጉዞው 22 ሰዓት ብቻ ነው።

ልዩነቱ የሚቀያየረው ሁለቱም ከተሞች ሰዓታቸውን በየራሳቸው ቀን ስለሚያዞሩ ነው። እንግሊዝ በፈረንጆቹ መጋቢት መጨረሻ እሑድ ወደፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ እሑድ ወደኋላ ታዞራለች። ሲድኒ በተቃራኒው በጥቅምት የመጀመሪያ እሑድ ወደፊት፣ በሚያዝያ የመጀመሪያ እሑድ ወደኋላ። በመሃል ባሉት ሳምንታት ልዩነቱ 10 ሰዓት ይሆናል። ጥቅምት ውስጥ ለሚቀበላችሁ ሰው የምትደርሱበትን ሰዓት ስትነግሩ ተጠንቀቁ። ስትመለሱ ደግሞ ልዩነቱን መቀነስ ሳይሆን መደመር ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት

ትራንዚቱ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ደስ ይለኛል። ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ከሆነ የመጀመሪያው በረራ ትንሽ ሲዘገይ ልብ መሰቀል ነው። ከስድስት በላይ ከሆነ ለማረፊያ ክፍል የሚሆን ገንዘብ ያዙ።

ሁለቱም በረራ በአንድ ትኬት ይሁን። ለየብቻ ገዝታችሁ የመጀመሪያው ቢዘገይ፣ የሁለተኛው አየር መንገድ ምንም ግዴታ የለበትም። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን ሌላ በረራ የሚፈልጉላችሁ እነሱ ናቸው። የእንግሊዝ ሕግም ይጠብቃችኋል፦ ከለንደን ተነስታችሁ በአየር መንገዱ ጥፋት ሲድኒ ከ4 ሰዓት በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ፣ የየትኛውም አገር አየር መንገድ ቢሆን 520 ፓውንድ ካሳ መጠየቅ ትችላላችሁ። ወደ ለንደን ስትመለሱ ግን ይህ ሕግ የሚሠራው የእንግሊዝ ወይም የአውሮፓ ኅብረት አየር መንገድ ከሆነ ብቻ ነው።

እግሩ ለሚደክም ሰው ዊልቸር ጠይቁለት። ክፍያ የለውም። ከበረራው 48 ሰዓት በፊት ማስመዝገብ ነው። ዋናው ጥቅሙ ወንበሩ ብቻ አይደለም፤ ትራንዚት ላይ በስም ተቀብሎ እስከሚቀጥለው ጌት የሚያደርስ ሰው አለ። ወንበርም መተላለፊያው በኩል ያለውን ያዙለት፤ በየሁለት ሰዓቱ ተነስቶ እንዲራመድ። ቅርብ ጊዜ ቀዶ ጥገና ያደረገ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ወይም ደም የመርጋት ችግር ያለበት ሰው ትኬት ከመግዛቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ ደም የመርጋት አደጋን ይጨምራል፤ እዚህ የምናወራው ደግሞ ስለ 14ና 17 ሰዓት ነው።

ሻንጣ ውስጥ ምግብ፣ ቅመም፣ ዘር ወይም የእንጨት ዕቃ ካለ አውስትራሊያ ስትገቡ ቅጹ ላይ ሞልታችሁ አሳውቁ። ካሳወቃችሁ ቢበዛ ዕቃው ይወሰዳል። ደብቃችሁ ከተገኘባችሁ ግን እዚያው ቅጣት ይከተላል።

የሲድኒ ኤርፖርት ከምሽቱ 5 ሰዓት (23:00) እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት (06:00) ከጥቂት ልዩ ፈቃዶች በቀር ዝግ ነው። ስለዚህ ከእስያና ከገልፍ የሚመጡ ብዙ በረራዎች ልክ በሩ ሲከፈት ተከታትለው ያርፋሉ፤ የፓስፖርቱም ሰልፍ ያኔ ይረዝማል። ከሲድኒ ስትመለሱም በጣም አምሽቶ የሚነሳውን በረራ አልመርጥም። አንድ ሰዓት ቢዘገይና 5 ሰዓት ቢያልፍበት እስከ ጠዋት ላይነሳ ይችላል። ከሰዓት በኋላ የሚነሳ ካገኛችሁ እሱን ያዙ።